ያልነበረው ምስማር

ሶፋ ሠሪው ሥራ ላይ ሳለ ያየው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው እጁን ሳይሆን አፉን ነበር። ቀጫጭን ምስማሮችን ዘግኖ አፉ ውስጥ ይጨምርና በምላሱ እያገላበጠ አንዱን ምስማር ራሱን አስቀድሞ ወደ ከንፈሩ ይገፋዋል፤ ያንን ጫፉ ማግኔት በሆነ ቀጭን መዶሻ ከከንፈሩ ላይ ለቅሞ፣ በግራ እጁ ወጥሮ በያዘው ጨርቅ ጠርዝ ላይ አንዴ ጠቅ፣ አንዴ ጠበቅ ያደርገዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ አፉ ምስማር ሞልቶ እንኳ ከወሬ አለመቦዘኑ ነበር። በጥርሶቹ መካከል አሾልኮ በሚያወጣት ድምፅ ደንበኛውን ይተርባል፣ መንገደኛውን ይነካካል፤ ስለዚህም ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «ተረበኛው» ይለው ነበር።

የሚሠራበት ቤት ጠባብ ነው። በአንደኛው ግድግዳ ስፖንጅ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ በሌላው በኩል ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ አሮጌ ሶፋዎች ሽቦአቸውን አሹለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወለሉ በጨርቅ ብጥስጣሽና በሙጫ ጠብታ ተዥጎርጉሯል። ከጓሮው በር ማዶ የአናጢው መጋዝ ይሰማል፤ አናጢው የሶፋውን እንጨት ይገጥማል፣ እሱ ያለብሰዋል። «አንተ አጥንቱን፣ እኔ ሥጋውን፤ ነፍሱን ደግሞ ገዢው ይፈልግ» ይለው ነበር አናጢውን። ሁለቱ ጢም ሳያበቅሉ የተዋወቁ፣ የመጀመሪያዋንም ሲጋራ በአንድ ክብሪት የለኮሱ ባልንጀሮች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጭሱ የሥራቸው ደወል ሆነ፤ አንድ ወንበር ሲያልቅ አንድ ሲጋራ፣ ሥራው ሲያስመርር አንድ ሲጋራ፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሁለት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከስፖንጁ ክምር ጀርባ ጠርሙስ ይወጣል። ሰክረው ሰው አስቀይመው አያውቁም፤ በዚህም ምክንያት ራሳቸውን ከጠጪ ቆጥረው አያውቁም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው፣ ወይም እሱ እንደተጀመረ ያመነው፣ በሳቅ ነው። አንድ ወፍራም ነጋዴ ያዘዘው ባለ ከፋይ ሶፋ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰውዬው መታገሥ አቅቶት ካልሞከርኩት ብሎ ዘፍ አለበት። እንጨቱ ሲጥጥ አለ። አናጢው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉበት እንጂ፤ ገና ለጋ ነው፣ ሸክም አልለመደም» አለው። ሶፋ ሠሪው አፉ ምስማር እንደሞላ ሳቀ። አንዷ ምስማር ወደ ኋላ ሸርተት ብላ የምላሱን ሥር ወጋችው። እያሳለና እያነባ ሁሉንም መዳፉ ላይ ተፋቸው፤ ከምስማሮቹ ጋር ቀይ ምራቅ ወጣ። የዚያን ዕለት ጉዳዩ በሳቅ አለፈ።

ሕመሙ ግን አላለፈም። ሳምንታት በወራት ሲተኩ፣ በግራ በኩል፣ ምላሱ ከጉሮሮው በሚገናኝበት ቦታ፣ ትኩስ ነገር በዋጠ ቁጥር ፍም የዋጠ ይመስለው ጀመር። እሱም የራሱን ምርመራ አካሄደና ውጤቱ ግልጽ ሆነለት፤ የምስማሯ ጫፍ ተሰብሮ ሥጋው ውስጥ ቀርቷል። ምክንያቱን ካወቀ ዘንድ መድኃኒቱ አልቸገረውም። በመጀመሪያ ምስማሮቹን ወደ ቀኝ ጉንጩ አዛወራቸው። ቀጥሎ፣ ቁስል በአልኮል እንደሚታጠብ ያልሰማ የለምና፣ ከጠርሙሱ እየተጎነጨ፣ ራሱን ወደ ግራ አዘንብሎ መጠጡን ቁስሉ ላይ ያቆየው ነበር። አቃጥሎት ሲያበቃም አይተፋውም። መድኃኒት ይተፋል እንዴ፣ ይላል። ከዚያ ከአሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ትንሽ ማግኔት ፈልቅቆ፣ እንዳይውጣት በክር አስሮ፣ መስኮቱ ፊት ቆሞ ወደ ጉሮሮው ይሰዳት ጀመር። ያስታውከዋል፤ እንባውን ጠርጎ እንደገና ይሞክራል። አንዳንድ ቀን ከውስጥ አንድ ነገር ወደ ማግኔቷ ሳብ ያለ ይመስለዋል፤ ያን ቀን ልቡ ቀለል ይለው ነበር። ምስማር ከሆነ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። ምስማር ካልሆነ ግን… የዚህን ሐሳብ ጫፍ ተከትሎት አያውቅም።

በመጨረሻ ፒንሳ በፈላ ውኃ ቀቅሎ አናጢውን ጠራው። ስፖንጅ ላይ ተንጋሎ አፉን ከፈተ። አናጢው የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ከጆሮው ሥር የሰካትን ሲጋራ ወደ ሌላው ጆሮው አዛውሮ ጎንበስ አለ፤ ከዚህ አፍ የወጣው ተረብ ሁሉ በሚዛን ቢሸጥ ኖሮ ሁለታችንም ባለ ፎቅ ነበርን እያለ ይቀልዳል። ከዚያ ቀልዱ መሐል ላይ ተቆረጠ። መብራቱ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመልሶ ወደ ግራ መጥቶ ቆመ። ሶፋ ሠሪው ከሥር ሆኖ የባልንጀራውን ፊት ያይ ነበር፤ ያንን ፊት በሳቅም በንዴትም ያውቀዋል፣ እንዲህ ባለ ዝምታ ግን አያውቀውም። አናጢው ፒንሳውን በቀስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ምስማር የለም» አለ።

«ጠልቆ ይሆናላ። ደህና አድርገህ እይ።»

«አየሁ እኮ። ያለ ቦታው የበቀለ ሥጋ ነው። ሐኪም ጋ ሂድ፣ ወንድሜ።»

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው «ወንድሜ» የሚለው ቃል ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አናጢው «አንተ ስፖንጅ» እያለ እንጂ በዚህ ዓይነት ጠርቶት አያውቅም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሶፋ ሠሪው ይህን ተረት ለሌላው ሲመክርበት የኖረ ሰው ነው፤ ለራሱ ሲሆን ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆነበት። ያ ስሙን ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠራው በሽታ መሆኑን ሐኪም አፍ አውጥቶ እስካልነገረው ድረስ፣ ነገሩ ምስማር የመሆን ዕድል ነበረው። ሐኪም ከተናገረ በኋላ ግን ሌላ ምንም ነገር ሊሆን አይችልም። እናም ያችን ዕድል ታቅፎ ተቀመጠ። አናጢው በጠየቀው ቁጥር ቀጠሮ እንደያዘ ይነግረዋል። ግራ ጆሮውን ይጠዘጥዘው ጀመር፤ ዘይት ጨመረበት። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ መብላት ጀመረ፤ ልጁ ስትጠይቀው ጥርሴን ነው አላት። ወሬውም ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። ደንበኞች ተረበኛው ምን ነካው፣ ጨዋ ሆነ እያሉ ይስቁ ነበር። እሱ የሚያዳምጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዷ ጉርሻ በጉሮሮው ስታልፍ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ጠቦ እንደሆነ ያዳምጣል። በየቀኑ ጠቦ ያገኘዋል።

ሚስቱ ቁጥብ ሴት ናት፤ እሱ በቀን የሚያወራውን እሷ በዓመት አታወራውም። ለእሱ ሥራ የትራስ ልብስ የምትሰፋው በቤቷ ተቀምጣ ነው፤ የማጅራቱንም ፀጉር በስፌት መቀሷ የምታስተካክልለት እሷው ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብላ ስትከረክም፣ ጣቷ ከመንጋጋው ሥር አንድ ነገር ላይ ቆመ። ተጫነችው። የአተር ያህል አልነበረም፤ የእርግብ እንቁላል ያህላል፤ ደግሞም አያምም።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ጥርሱ መሆኑን ነገራት። ጥርስ አንገት ላይ አይበቅልም ስትል መለሰችለት። ከዚያ መስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የቀረውን ፀጉር እስከ መጨረሻው አስተካክላ፣ ከትከሻው ላይ ብናኙን አራገፈችና ነገ ጠዋት አብረው እንደሚሄዱ አስታወቀችው። መቀሱን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኳ።

የሆስፒታሉ መተላለፊያ ረጅምና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚጠሩበትን በር ያያሉ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱ ላይ ሐኪሞች የከፈቱለትን የመተንፈሻ ቀዳዳ የሚሸፍን ስስ ሻሽ ጠምጥሟል። ሰውዬው ሊያናግረው ፈልጎ ጣቱን ሻሹ ላይ ጫን ሲያደርግ፣ ከአፉ ሳይሆን ከአንገቱ የወጣ የሚመስል ሻካራ ሹክሹክታ ተሰማ፤ አንተም ጉሮሮህን ነው ወይ ነበር የሚለው። ሶፋ ሠሪው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ አፈረ፤ ተመልሶ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እግሩ እሺ አላለውም። ሚስቱ ሄዳ ሰውዬው አጠገብ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብታ ጉሮሮውን በትንሽ ስክሪን ላይ አየች፣ አንገቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ከሥጋውም ትንሽ ቆርጣ ወሰደች። ስለ ምስማሯ በሰፊው ሲተርክላት ሳታቋርጥ ካዳመጠችው በኋላ፣ ምስማር እንዲህ ያለ ነገር እንደማያመጣ አስረዳችው፤ ምናልባት ቁስሉ ቀድሞውኑ እዚያ ነበር፤ ምስማሯ ያደረገችው ቢኖር ማሳየት ብቻ ነው። ከዚያ ስለ ሲጋራውና ስለ መጠጡ ጠየቀችው። እሱም የሁለቱንም መጠን ቀነስ፣ ዘመኑንም አጠር አድርጎ ነገራት።

«ዶክተር፣ እሱ የሚለውን በሁለት አባዢው» አለች ሚስቱ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «አባቴ፣ ሁለቱ ለየብቻቸውም ይጎዳሉ። ሲገናኙ ግን አይደመሩም፣ ይባዛሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ነው፤ መጠጡ የጉሮሮን ልባስ ያሳሳዋል፣ የትምባሆው መርዝ በዚያው ይገባል።»

ቁስሉን በመጠጥ ያጥብ የነበረባቸው ምሽቶች በዓይኑ ላይ ዞሩ።

«ታዲያ አንዱን ብተው ይበቃል?» አላት።

«የትኛውን?»



ቀጥላም ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ገለጸችላቸው። ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ አለ፤ በወሲብ ግንኙነት፣ በአፍ የሚደረገውንም ጨምሮ፣ ይተላለፋል፤ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ያገኘዋል፤ የአብዛኛውም ሰው ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። በጥቂቶች ላይ ግን ከምላስ ሥርና ከቶንሲል አካባቢ ተሸሽጎ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው እንኳ ለዚህ በሽታ ይዳርገዋል። የእሱም ቁስል ቦታው እዚያው ስለሆነ፣ የተቆረጠው ሥጋ ለዚህም ይመረመራል። ከማን እንደመጣና መቼ እንደመጣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ በዚህ ሰውን መወንጀልም ፍትሕ እንዳልሆነ አበክራ ተናገረች።

ሶፋ ሠሪው የመጨረሻውን አልሰማም። ከጋብቻው በፊት በሌላ ከተማ በቀን ሥራ የኖረባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ስለ እነዚያ ዓመታት በቤቱ ተነሥቶ አያውቅም። በአውቶቡሱ ውስጥ ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እሱ የጆሮዋን ግንድ እያየ፣ ይህች ሴት አሁን ምን እየመዘነች ነው ይላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ፍርሃት ሳያንሰው ሌላ ደረበ። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሊገድለው ይችላል፤ የቫይረሱ ስም የተገለጠ እንደሆነ ደግሞ ሳይሞት ቤቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ፣ ሊያስረዳት ጀመረ፤ ቃላቱ ተጠላለፉበት።

«ተው» አለችው። «ከየትም ይምጣ። ብቻ ይውጣ።»

በማግሥቱ ልጃቸውን አልብሳ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ወጣች። ለዚሁ ቫይረስ መከላከያ የሚሆነው ክትባት በትምህርት ቤቷ ለሴት ልጆች በተሰጠበት ጊዜ፣ ጤነኛ ልጅ በመርፌ ምን ያስወጋታል ብሎ ቤት ያስቀራት እሱ ነበር። ሚስቱ ዛሬ አላማከረችውም። ልጅቱ ክንዷን እያሻሸች ስትመለስ ብዙ እንዳላመማት ነገረችው፤ እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ውጤቱን በሚጠብቅባቸው ቀናት ሰዎች የማይገምቱት ነገር ደረሰበት። ሐኪሟ ሲሰናበቱ፣ በሽታው ከቫይረሱ የመጣ ከሆነ ሕክምናውን የመቀበል ዕድሉ ብዙ ጊዜ የተሻለ እንደሆነ ተናግራ ነበር። ትናንት እንደ ውርደት የሸሸውን ስም ዛሬ ይመኘው ጀመር። ባዶ ወንበር ላይ ጨርቅ እየወጠረ ቫይረስ በሆነ፣ ምነው ቫይረስ በሆነ ይል ነበር። ምስማር አፉ ውስጥ አይጨምርም፤ መዳፉ ላይ አድርጎ ይሠራል፤ ሥራውም እንደ ጀማሪ ሥራ ይጎተታል። ሲጋራ ለመተው ሞከረ፤ ለአንድ ቀን ተወ፣ ለግማሽ ቀን ተመለሰ። አናጢው ማጨስ ሲፈልግ እስከ መንገዱ ማዶ ይሄድ ጀመር፤ እዚያ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶ ያጨስ ነበር፤ ጭሱ ግን መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል።

ውጤቱ መጣ። ነቀርሳ ነው፤ አንገቱ ላይ ወዳለ አንድ ዕጢ ተሻግሯል፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ቫይረሱ አልተገኘበትም።

«ስለዚህ ሲጋራውና መጠጡ ነው» አለ ሶፋ ሠሪው። ጥያቄ አልነበረም።

ሐኪሟ ጨረርና መድኃኒት አብረው እንደሚሰጡት፣ ሕክምናው ሳምንታት እንደሚወስድ፣ አፉ እንደሚደርቅ፣ መዋጥ ከአሁኑም ይልቅ እንደሚከብደው ሳትሸፋፍን ነገረችው። ማጨሱን ካላቆመም ሕክምናው እጁ እንደታሰረ ሰው እንደሚሆን አስጠነቀቀችው። እድናለሁ ወይ ሲላት የመዳን ዕድል አለዎት አለችው፤ ከዚህም በላይ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ይህንንም አልልዎትም ነበር። እሱ የሰማው «ዕድል» የሚለውን ቃል ነው። በጣም ቀጭን ቃል ሆነበት።

ሕክምናው በሚጀመርበት ጠዋት ሚስቱን መተላለፊያው ላይ አስቀምጦ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። እግሩ ያደረሰው ግን ከግቢው በር ውጭ ነው። ጥላ ሥር አንዲት ሱቅ በደረቴ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት አለች። ምን እንደሚፈልግ ሳትጠይቅ አንድ ሲጋራ ከነክብሪቱ ዘረጋችለት። ከዚያ ግቢ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እሷ ጋ እንደሆነ፣ ፊቱን አይታ እንደምታውቅ አጫወተችው። ሲጋራውን በጣቱ መሐል ይዞ ቆመ። እዚህ ድረስ የመጣው ሊሸሽ ነው፤ ዞር ብሎ አውቶቡስ ቢሳፈር ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ነው፤ ለጥቂት ወራት ሁሉም ነገር እንደ ዱሮው ሊሆን ይችላል።

«ደንበኛ ብዙ ነው?» ሲል ጠየቃት፤ ድምፁ ለራሱም ባዳ ሆነበት።

«ብዙ ነው። ግን አይበረክትልኝም» አለችው፤ «ስንቱን ለመድኩት ስል ይጠፋብኛል።»

ሲጋራውን መልሶ ሰጣት። ግንቡን እየዳበሰ ወደ በሩ ተመለሰ። ሚስቱ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ከጎኗ ሲቀመጥ ጎንበስ ብላ እጁን አሸተተች።

ጨረር የሚሰጥበት ክፍል ቀዝቃዛ ነው። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት። መረብ የሚመስል፣ በፊቱ ልክ የተቀረጸ ጠንካራ ጭንብል ከግንባሩ እስከ ትከሻው አለበሱትና በሁለት ወገን ከጠረጴዛው ጋር ቆለፉት፤ ራሱን የፀጉር ያህል እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። አገጩ ተጣብቋል፤ መናገር የለም። ወጣቱ ባለሙያ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ እኛ ከውጭ እናይዎታለን። ካልቻሉ እጅዎን ብቻ ያንሡ፣ ወዲያው አቁመን እንገባለን» አለው።

እርምጃዎች ራቁ። ወፍራሙ በር ተዘጋ፤ መዘጋቱ በጠረጴዛው ውስጥ አልፎ ጀርባው ላይ ተሰማው። መሣሪያው ከጣሪያው በኩል መዞር ጀመረ፤ ሲዞር ያጉረመርማል። በመረቡ ቀዳዳዎች በኩል የሚታየው የጣሪያው ነጭ ብቻ ነው። እስትንፋሱ ፊቱ ላይ እየተመለሰ ያሞቀዋል። ምራቅ ጉሮሮው ሥር ተጠራቀመ፤ አሁን ካልዋጠው ያንቀዋል፤ ቢውጠው ያ ፍም አለ። ልቡ ጆሮው ውስጥ መታ። ደረቱ አየር የለም አለው፤ አለመታፈኑን እያወቀ ታፈነ። ሁለት ጣቶቹ ከጠረጴዛው ላይ ተነሡ፤ ቀሪው እጅ ሊከተላቸው ነበር። አሁን ቢያነሣው በሩ ይከፈታል፣ ጭንብሉ ይወልቃል፣ ሚስቱ አለች፣ ውጭ ፀሐይ አለ። ዛሬ ካነሣው ግን ነገም እንደሚያነሣው አወቀ።

መሣሪያው በግራ በኩል፣ በዚያው በክፉ ወገኑ፣ መጥቶ ቆመና ድምፁን ለወጠ።

ዓይኑን ጨፍኖ ምራቁን ዋጠ። ጣቶቹ ተመልሰው ጠረጴዛው ላይ ዐረፉ፤ እዚያውም ቆዩ።